ክርኔ ላይ የወጣው ቀለም

ሰኞ፣ ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት

አሰልጣኛችን ዋናተኛ ሁሉ ማስታወሻ ደብተር ይያዝ ብለዋል። እንዴት እንደተኛን፣ ምን እንደበላን፣ ሰውነታችን የት ላይ እንደሚያመን እንድንጽፍ ነው። እሺ፦ ጥሩ ተኝቻለሁ። ዳቦና እንቁላል በልቻለሁ። ቀኝ ትከሻዬን ትንሽ ይቆረጥመኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በከተማው ውድድር የቅብብሎሹን የመጨረሻ ዙር የምዋኘው እኔ ነኝ። አራተኛዋ እኔ። ሦስቱ ያመጡትን ተቀብላ የምትጨርሰው አራተኛዋ ናት፤ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ሰው የሚያስታውሰው እሷን ነው። አሰልጣኛችን ሲጠሩኝ አልሳቅኩም። አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስገባ ግን ፎጣዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ ጮህኩ።

ጓደኛዬ ሽቦ አየችኝና መሬት ተቀምጣ ሳቀች። ሽቦ ያሏት ቅጥነቷን አይተው ነው። ሦስተኛዋ ዋናተኛ እሷ ናት፤ እሷ ግድግዳውን ስትነካ እኔ እዘላለሁ።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ነን፤ እናቴ፣ የእናቴ አባትና እኔ። ማታ ስነግራቸው አባባ "እንቁራሪቷ" አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። እማዬ የራሷን እንቁላል ለእኔ ጨመረችልኝ።

ስታጠብ ክርኔ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። ፈገፈግኩት፤ አልለቀቀም። ክሎሪን ይሆናል።

ሐሙስ

ዛሬ ትምህርት ቤታችን ምድር ቤት ያሉት ትንንሾቹ የመጀመሪያ ማስተካከያቸውን ተወጉ። ለቅሷቸው እኛ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። እኔም በጊዜዬ አልቅሻለሁ፤ ያላለቀሰ የለም። ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው እንደተፈጠረ ነው፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ ፀጉራቸውም እንደፈቀደው። መርፌውን ከወሰዱ በኋላ በጥቂት ቀናት ሁሉም አንድ ቀለም፣ አንድ ፀጉር ይሆናሉ። ከዚያ በየወቅቱ አንድ መርፌ ነው፣ ዕድሜ ልክ። ያቋረጠ ሰው ቀለሙ ቀስ በቀስ ይመለስበታል ይላሉ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ "አንድ መልክ፣ አንድ ልብ" የሚል ተጽፏል። አባባ ቀለሙን "ካርቶን" ይሉታል፤ እሱንም ቤት ውስጥ ብቻ።

ሽቦ በተወጋች ቁጥር ክንዷን ማንሳት ያቅታታል። እኔን ከአምና ጀምሮ ምንም አያቃጥለኝም። እማዬ የማስተካከያ ጣቢያ ነርስ ስለሆነች ቤት ነው የምትወጋኝ፤ ወረፋ የለ፣ ለቅሶ የለ። ለሽቦ "ነገሩ የጥንካሬ ጉዳይ ነው" አልኳት። ጉራ ነው፤ ግን እውነትም ነው።

ቅዳሜ

ክርኔ ላይ ያለው ሰፋ። ለእማዬ አሳየኋት። ሳህን እያጠበች ነበር። አረፋ በነካው እጇ ክርኔን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ቆየች። ነርስ ቁስል የምታይበት ዓይን አልነበረም፤ የተኛ ሕፃን የሚያዩበት ዓይነት ነበር።

"ክሎሪን ነው" አለች።

"ክሎሪን ያነጣል እንጂ ያጠቁራል እንዴ?"

"ነርሷ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?"

ዓይኗ እርጥብ ነበር። ሳሙና ገብቶባት መሰለኝ።

ረቡዕ

ተቻኩያለሁ። አንገቴ ሥር ወጥቷል። ጉልበቴም ላይ። ከዕቃ ክፍሉ ባለረጅም እጅጌ የዋና ልብስ ተዋስኩ። አሰልጣኛችን ምነው አሉኝ፤ በረደኝ አልኩ። በዚህ ልብስ መዋኘት ጆንያ መጎተት ነው። ዛሬ ሽቦ ቀደመችኝ። ሽቦ! ሰውነቴን ምን ነካው? መድኃኒቱ ሁሉንም ሰው ይይዛል፣ እኔን ለምን እምቢ ይለኛል? የበላሁት ነገር ይሆን? ወይስ ስለፎከርኩ?

ዓርብ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ዛሬ ግን መታጠቢያ ቤት ሆኜ የቡድናችን ሁለተኛ ዋናተኛ ስለ እኔ ስታወራ ሰማሁ። ወሬኛዋ ነው የምንላት። "አራተኛ ያደረጓት ተገድደው ነው" አለች። "ሰዓቷን ደብቀው ደብቀው አልሆን ሲላቸው ነው። የማዶ ዘር ናት እኮ። የማዶ ዘር ከታች መውጣቱ አይቀርም።"

ዘር ማንሳት በሕግ ያስቀጣል። ግን ሁሉም ያውቃል። ማዶዎች ከወንዙ ወዲያ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አባባ እዚያ ጀልባ ነጂ ነበሩ፤ ሁሉም ወደ ከተማው ተሻግሮ እንዲስተካከል ሲታዘዝ የመጨረሻዎቹን ሰዎች ያሻገሩት እሳቸው ናቸው። ካርቶን ሆነንም ሰው የሚፈልገውን አያጣም። ቆዳው አንድ ሲሆን ከንፈር ያያል። ከንፈር ሲያጣ አያትህ ማን ናቸው ይላል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከሁሉም ፈጣን ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ጀማሪ ስለሆንኩ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ይሁን። አሁን አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ተገድደውም ቢሆን።

እሑድ

እማዬ ሥራ ላይ ናት። እጅጌ በሌለው ካናቴራ ሳሎን ሳልፍ አባባ "እስቲ ቁሚ፣ ብርሃኑ ላይ" አሉኝ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከወንበራቸው ብዙ አይነሱም። ዛሬ ተነሱ። ክንዴን ይዘው አገላበጡት።

"ጠይም" አሉ።

"ምን?"

"ቀለምሽ ነዋ። ጠይም ይባላል።"

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። እሳቸው ግን ቀጠሉ። እናታቸው ጠይም ነበሩ። አባታቸው ጥቁር፣ ቅቤ የጠጣ የሚመስል ጥቁር። የጀልባ ጣቢያው ዘበኛ ቀይ ዳማ፣ ሚስቱ ቀይ፣ ልጆቻቸው ደግሞ አንዱም አንዱን የማይመስል። እንዲህ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ የሰው ስም እንደሚጠራ ሰው ነበር ቀለሙን የሚጠሩት።

"ጠይም ግን ምን ዓይነት ማለት ነው?" አልኳቸው።

"እኔን ምን ታስለፈልፊኛለሽ፣ መስታወት እያለ።"

ቆንጆ ቃል ነው። ግን ለበሽታ ቆንጆ ስም ቢያወጡለት አይድንም። እማዬ ስትመጣ አባባ ክንዴን ለቀቁ። እሷ አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት። አንድ የሚያውቁት ነገር ያለ ይመስላል። ስለ እሱ ዛሬ አልጽፍም።

ማክሰኞ

ዛሬ የልኬት ቀን ነበር። ጠዋት እማዬ ቀባችኝ። ቅባቱ አዲስ የተወጋ ሰው ቀለሙ እስኪይዝለት የሚቀባው ነው፤ ከጣቢያው ይዛው መጣች። አንገቴን፣ እጄን፣ ከጆሮዬ ኋላ።

ለኪዋ መሣሪያዋን ቆዳ ላይ ታሳርፋለች። ትክክል ከሆነ አረንጓዴ ይበራል። ከፊቴ የተሰለፈችው ከእኛ ሁለት ክፍል ዝቅ የምትል ፍንጭት ልጅ ነበረች። ቀይ በራባት።

"መርፌሽን አልወሰድሽም?"

"ወስጃለሁ። አልያዘኝም እንጂ።"

"መድኃኒቱ የማይዘው ሰው የለም" አለች ለኪዋ፣ ሳታያት። ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዷት። ልጅቷ ስትሄድ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ክርኔን ወደ ሆዴ አስጠጋሁና እጄን አጣመርኩ። ተራዬ ሲደርስ አንጓዬን ዘረጋሁ። አረንጓዴ።

እማዬ "እንዴት ነበር?" ስትለኝ "ቀላል ነው" አልኳት።

ረቡዕ

ልምምድ መጥፎ። ስለ ፍንጭቷ ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። "እኔንም አልያዘኝም" ማለት እችል ነበር። ምን ይጠቅማታል? ምንም። ግን ብቻዋን አትሆንም ነበር።

ዓርብ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፣ ሳልሸሽ።

ከእራት በኋላ ለእማዬ "ነገ ጣቢያ እሄዳለሁ" አልኳት። "ሌላ ነርስ ድርብ አድርጋ ትውጋኝ። ይህ ቅባት ገንዳ ውስጥ ሩብ ሰዓት አይቆይም።"

"የትም አትሄጂም" አለች።

"እማ፣ አልያዘኝም እኮ።"

"አልያዘሽም አይደለም።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አልሰጠሁሽም። ከአምና ጀምሮ የወጋሁሽ የጨው ውሃ ነው።"

አባባ ራዲዮኑን አጠፉ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ያውቅ ነበር። ሽቦ በሕመም የምትተኛበትን መርፌ እኔ እየሳቅኩ የምወስደው በጥንካሬ እንዳልነበር አውቄያለሁ። ማወቅ ግን አልፈለግኩም። "ለምን?" አልኩ።

"ሰባት ሲሞላሽ በገዛ እጄ ነው የወጋሁሽ። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ዓይኔ እያየ ጠፋሽብኝ። የሌላውን ሰው ልጅ ስወጋ ሥራ ነው እላለሁ። አንቺ ግን ትልቅ ሰው እየሆንሽ ነው። ምን እንደምትመስይ ሳላይ ልሙት? ልጄን ማየት ፈለግኩ።"

"እኔን ሳትጠይቂ?"

"እኔንም ማንም አልጠየቀኝም" አለች።

"እሱ መልስ አይደለም።"

"አይደለም" አለች።

ቅዳሜ

አላናግራትም። ቁርስ አልበላሁም። አባባ በሬን አንኳክተው ዳቦ አስገቡልኝ። ከተማው መርፌ አዝዞ ወሰነልኝ፤ እሷ ደግሞ ባለመውጋት ወሰነችልኝ። መሃል ላይ እኔ የት ነኝ? ዳቦውን በላሁት።

ሰኞ

እማዬ ከሥራ ስትመጣ ኮቷን ሳታወልቅ ትንሽ ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እውነተኛው ነው። ዛሬ ከወሰድሽው ለውድድሩ ይደርስልሻል። አሁን እየጠየቅኩሽ ነው።"

"ካልወሰድኩስ?"

"ካልወሰድሽ የሚመጣውን አብረን እናየዋለን። ይቅርታ፣ ልጄ። አምና ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።"

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቅባቱን በሙሉ ታጠብኩ። በሩን ቆለፍኩ። አባባ እንዳሉት መስታወት አየሁ። ፊቴ ገና ዥጉርጉር ነው፤ ግንባሬና አፍንጫዬ መጥተዋል፣ ጉንጬ እየመጣ ነው። አስቀያሚ እሆናለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ የማሸንፈው እኔ እንደሆንኩ አስብ ነበር። ለካ የማሸንፍላትን ሰው አላውቃትም ነበር። አተኩሬ አየኋት። አላፈረችም። እኔም አላፈርኩባትም።

ወጥቼ ብልቃጡን ለእማዬ መለስኩላት።

ሐሙስ

ያልተስተካከለ ሰው ያለበት ቡድን ውጤቱ ይሰረዛል። ደንብ ነው። ስለዚህ ሳልነግራቸው መዋኘት አልችልም። ዛሬ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ እጅጌዬን ሰብስቤ ለሦስቱ አሳየኋቸው። ከውድድሩ ልቅር ወይስ ልዋኝ አልኩ።

ሽቦ ፊቷን አዞረች። "ለዚህ ሜዳሊያ ስንት ጠዋት በብርድ እንደተነሳሁ ታውቂያለሽ" አለች። አውቃለሁ አልኩ። አንደኛዋ ዋናተኛ፣ ዝምተኛዋ፣ ክንዴን በጣቷ ነካ አድርጋ "አይለቅም?" አለች። አይለቅም አልኩ።

ወሬኛዋ "እኔ ድሮውንም አውቄ ነበር" አለች። ልሰድባት ስል ቀጠለች። "ተጠባባቂዋ ከገባች ሦስተኛ እንወጣለን። ሦስተኛ ወጥቼ ከምከበር አንደኛ ወጥቼ ልሰረዝ።"

ሽቦ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ "ቶሎ ብቻ ዋኚ" አለችኝ።

እሑድ

የገንዳው አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ባለእጅጌውን ልብስ ቤት ትቼ የራሴን ለበስኩ። ቅባት የለ፣ ምንም የለ። ተወዳዳሪዎች የሚጠሩበት ክፍል ውስጥ አሰልጣኛችን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የሚያባርሩኝ መሰለኝ።

"ትከሻሽ እንዴት ነው?" አሉ።

"ደህና ነው።"

"እንግዲያው ሂጂ።"

ስንወጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ጩኸት ይሆናል ብዬ ነበር፤ ጸጥታው ባሰ። አባባንና እማዬን ፈለግኩ፤ ላይኛው ረድፍ ላይ አገኘኋቸው። እማዬ ከጣቢያው ሰዎች አጠገብ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ።

ዝምተኛዋ በደንብ ጀመረች። ወሬኛዋ አፏ ብቻ ሳይሆን እግሯም ፈጣን ነው። ሽቦ ግን መመለሻው ላይ ደከመች፤ ግድግዳውን ስትነካ አንድ ቡድን ቀድሞናል። ዘለልኩ። ውሃው በየት በኩል እንደነካኝ ሁሉ ተሰማኝ። ያ ጆንያ የለም፣ የሚታጠብ የለም፣ የሚደበቅ የለም። መሃል ላይ የቀደመችንን ልጅ እግር አየሁ፣ ከዚያ ወገቧን፣ ከዚያ ምንም።

ግድግዳውን ነክቼ ቀና ስል ሽቦ ከላይ ተንበርክካ እጄን ይዛለች። ሰሌዳው ላይ የእኛ መስመር ባዶ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ "ተሰርዟል" አለ። ግን ማን ቀድሞ እንደነካ አዳራሹ በሙሉ በዓይኑ አይቷል። ከላይኛው ረድፍ አንድ ሰው ያጨበጭባል። አባባ ናቸው፤ ቆመው። ሌላ ማንም አላጨበጨበም። እሳቸው ቶሎ አላቆሙም።

ማክሰኞ

እማዬን ከሥራ አሰናበቷት። ሌላም ቅጣት ይኖራል ብለዋታል። እኔን ኮሚቴ ፊት አቀረቡኝ፤ ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም ትሁት። ሰብሳቢው "የእናትሽ ጥፋት ነው፣ አንቺ ተጎጂ ነሽ" አሉኝ። "ዓርብ በተማሪው ፊት ማስተካከያሽን ውሰጂ። የአራታችሁም ሜዳሊያ ይመለሳል።"

"ካልወሰድኩስ?"

"ከከተማ ውጪ ማረሚያ ትምህርት ቤት አለ። እስክትስማሚ እዚያ ትማሪያለሽ።"

እንዳስብበት ፈቀዱልኝ። የሽቦ ነገር አንጀቴን በላው። ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። በራቸው ላይ ቆማ ሰማችኝ። እናቷ ከውስጥ "ማን ነው?" አለች፤ ሽቦ "ማንም አይደለም" ብላ በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገች። ትንሽ አመመኝ።

"ለእኔ ብለሽ እንዳትወጊ" አለችኝ። "ያን ሜዳሊያ ባየሁ ቁጥር የምታለቅሽ ይመስለኛል።" ከዚያ ቀስ ብላ "እኔ ግን እንዳንቺ አልችልም" አለች።

"አልጠየቅኩሽም" አልኳት። ተቃቀፍን።

ረቡዕ

ለኮሚቴው መልስ ሰጠሁ። "ፈጣኗ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ፤ ሜዳሊያውን ያዙት" አልኳቸው።

እሑድ፣ ከማረሚያው

የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ጣራው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ፣ አልጋው ጠባብ። ጠዋት ጠዋት አንዲት ነርስ ብልቃጥ ይዛ በየአልጋው ትዞራለች። "ዛሬስ?" ትላለች። አይ እንላለን። ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። በግድ አይወጉም፤ እንድንሰለች ነው የሚጠብቁት። ትናንት ሁለት ልጆች እሺ ብለው ወጡ። አልፈረድኩባቸውም፤ ይበርዳል።

ምግብ ቤት ውስጥ ፍንጭቷን አገኘኋት። ሳያት ዞሬ ልሄድ ነበር። እሷ ቀድማ መጥታ ትሪዋን አጠገቤ አስቀመጠች።

"የልኬት ቀን" አልኩ። ከየት እንደምጀምር አላወቅኩም። "ከኋላሽ ነበርኩ። እኔም..."

"አውቃለሁ። ክርንሽ ላይ ቅባቱ ተነስቶ ነበር። ዞሬ ያየሁሽ ለዚያ ነው፤ ሸፍኚው ልልሽ።"

እጄን ያጣመርኩት ከእሷ ለመደበቅ ነበር። እሷ ደግሞ ሰዎቹ ግራና ቀኝ ይዘዋት ስለ እኔ ክርን ታስብ ነበር። ይቅርታ አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀችና መዋኘት ታስተምሪኛለሽ ወይ አለችኝ። ከፋብሪካው ጀርባ ማጠራቀሚያ ኩሬ አለ፤ ውሃው በረዶ ነው። አስተምርሻለሁ አልኩ። ነገ እንጀምራለን።

ቅዳሜ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ የመጀመሪያው የጎብኚ ቀን

ፍንጭቷ ብቻዋን መንሳፈፍ ጀምራለች። ሌሎች አራት ልጆችም መጥተዋል። አሰልጣኝ ሆኛለሁ ማለት ነው፤ እጮህባቸዋለሁ።

እማዬ ዛሬ መጣች። አባባ ጉልበታቸው ስላመማቸው ቀርተዋል፤ ብርድ ልብስ ልከውልኛል። በሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር። እናቴ መሆኗን ያወቅኩት በአረማመዷ ነው፤ ራሷን በሻርፕ ሸፍናለች። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች አሁን፤ እጇ ተሰነጣጥቋል። እንዳየኋት ይቅርታ ልትለኝ እንደተሰናዳች ገባኝና ቀድሜ አቀፍኳት። ኩሬውን አሳየኋት። ልጆቼን አሳየኋት። እሷ ግን ፊቴን ታያለች፣ አንዱን ካየች በኋላ ወደ እኔ ትመለሳለች።

ሰው ራቅ ሲል ሻርፑን ገለጠች።

"ከሥራ ሲያባርሩኝ መርፌውንም አቋረጥኩ" አለች። "መጥሪያ ልከውልኛል። አልሄድኩም።"

ግንባሯ ላይ፣ ፀጉሯ ሥር፣ ከጣት ያልበለጠ መስመር ወጥቷል። ከእኔ ይጠቁራል። ፀጉሯም ከሥሩ መጠቅለል ጀምሯል። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። እሷም ራሷን ከሰባት ዓመቷ ወዲህ አይታ አታውቅም።

"እንዴት ነኝ?" አለች። እንደ ልጅ አፍራለች።

አገጯን ያዝኩና ወደ ብርሃኑ አዞርኳት። ጊዜዬን ወስጄ አየኋት።

"ገና ነሽ" አልኳት። "ግን ታምሪያለሽ።"